ጠቅልላችሁ ልትገቡ ነው? ሙሉ ኮንቴይነር፣ የጋራ ኮንቴይነር ወይስ ሻንጣ ብቻ

«ዕቃዬን ልጫነው ወይስ ልሽጠው?» አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ጓዙን ጠቅልሎ አገር ቤት ሊገባ የተነሳ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ለሁሉም በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብያለሁ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ አብዛኞቻችሁ ሽጡት። በሻንጣ የሚገባውን ይዛችሁ ግቡ፣ የቀረውን አዲስ አበባ ግዙ። ኮንቴይነር የሚያዋጣው ሰው የለም አልልም። አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

ከዋጋ እንጀምር። የጋራ ኮንቴይነር ማለት አንድ ሰው ኮንቴይነሩን ተከራይቶ ለብዙ ሰው እየሸነሸነ የሚሸጠው ነው። ሒሳቡ የሚሠራው በኩቢክ ፊት ነው። ለአንዱ ኩቢክ ፊት 12 ዶላር ተባላችሁ እንበል። ስትሰሙት ርካሽ ይመስላል። ሜትር አንሡና ሶፋችሁን ለኩት። ርዝመቱ 84፣ ጥልቀቱ 36፣ ቁመቱ 34 ኢንች የሆነ ተራ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ፣ ሦስቱን አባዝታችሁ ለ1,728 (አንድ ኩቢክ ፊት ውስጥ ላለው ኩቢክ ኢንች) ስታካፍሉት 60 ኩቢክ ፊት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። 714 ዶላር! ለተቀመጣችሁበት፣ ልጆች ጁስ ለደፉበት ሶፋ። ይሄ እንግዲህ ጉምሩክ ሳይነካው፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ወኪል፣ ትራንዚተሩ፣ ሳይከፈለው፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያመጣው መኪና ሳይታሰብ ነው።

በርሜል ደግሞ የባሰ ነው። ባለ 55 ጋሎኑ በርሜል ውስጡ የሚይዘው ከ7 ኩቢክ ፊት እምብዛም አይበልጥም። የሚያስከፍሏችሁ ግን በርሜሉ የሚይዘውን አራት ማዕዘን ቦታ ለክተው ነው። 24 በ24 በ36 ኢንች ሲባል ልክ 12 ኩቢክ ፊት ይመጣል። የ7ቱን ዕቃ በ12 ዋጋ ጫናችሁ ማለት ነው። በርሜል የሚበጀው እርጥበት እንዳይገባው ለምትፈሩት ልብስ ብቻ ነው፣ ለሌላው ጠንካራ ካርቶን ይበቃል።

ሙሉ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሒሳብ ሌላ ነው። ባለ 20 ፊቱ ውስጡ ወደ 33 ሜትር ኩብ፣ በኩቢክ ፊት 1,165 ገደማ ነው። የቤት ዕቃ ሲደረደር ክፍተት መተው አይቀርምና 1,000 በሉት። ዋጋው ከወር ወር ይዋዥቃል። እኔ ስጠያይቅ እስከ ሞጆ ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ ዶላር ነበር የሚጠሩልኝ። 7,200 ዶላር ብትይዙ፣ ለ12 ስታካፍሉት 600 ኩቢክ ፊት ነው። ስለዚህ ዕቃችሁ የኮንቴይነሩን ግማሽ ትንሽ ካለፈ የጋራው ርካሽነት እዚያ ላይ አለቀ፣ የራሳችሁን መያዝ ይሻላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ «እኔ ትንሽ ነው ያለኝ» ብሎ የጋራውን ይይዛል፣ መጋዘን ሄዶ ሲለካ ግን ሌላ ቁጥር ይሰማል።

የጋራውን የምጠላበት ዋናው ምክንያት ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው ምን እንደጫነ አታውቁም። አንዱ ለወንድሙ ልጅ ድሮን ሸጉጦ ከሆነ፣ ወይም ባይኖኩላር፣ ወይም ከካርቶኑ ያልወጣ ስድስት ቴሌቪዥን «ያገለገለ የቤት ዕቃ» ብሎ አስመዝግቦ ከሆነ፣ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ አንድ በአንድ ይፈተሻል። የእናንተ ድስትና ብርድ ልብስ ምንም ነውር የለበትም፣ ግን አብሮ ይቆማል።

ዋጋ ሲነገራችሁ «እስከ የት?» በሉ። እስከ ጅቡቲ ነው? እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ? ወይስ እስከ ቤቴ በር? ሦስቱ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ልዩነት አላቸው። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የጭነት መኪና፣ የትራንዚተር ክፍያ፣ የመጋዘን ኪራይ የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ ነው። ወረቀት አልሟላ ብሎ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ከተቀመጠ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ በቀን ይቆጠርባችኋል። ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ጫኝና አውራጅ አለ። ወንድሞቼ ያወርዱልኛል ብላችሁ ብትዘጋጁም ክርክሩ አይቀርላችሁም፣ ዋጋውን መኪናው ሰፈር ሳይገባ ጨርሱ።

ጊዜውንም አስቡበት። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ መርከቦች የስዊዝን መንገድ ትተው በደቡብ አፍሪካ በኩል ሲዞሩ ነው የከረሙት። ያ ሳምንታት ይጨምራል። እናንተ ቤት ተከራይታችሁ፣ ልጆች ትምህርት ጀምረው፣ አልጋችሁ ባሕር ላይ ሆኖ ስታገኙት ሌላ አልጋ መግዛታችሁ አይቀርም። ያኔ ለአንድ አልጋ ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ።

ቀረጥ። ጠቅልሎ የሚገባ ሰው ያገለገለ የግል ዕቃና ለሽያጭ የሚመስል ዕቃ በጉምሩክ ዓይን አንድ አይደሉም። «ነጻ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ፣ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ሳትጭኑ በፊት ከኤምባሲውና ከጉምሩክ በጽሑፍ መልስ ያዙ። ምክንያቱም አንድ ዕቃ ቀረጥ ይከፈልበት ከተባለ ሒሳቡ የሚነሳው ከዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፣ የመርከቡና የኢንሹራንሱ ዋጋም ተደምሮ ነው። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ግብር) ያለበት ከሆነ ኤክሳይስ፣ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ እንደገና በድምሩ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ግብር። አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ነው የሚሄደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ በብር የሚከፈለው ቀረጥም አብሮ ወጣ። በፊት የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት ሰፊ ስለነበር ከዶላር ይልቅ ዕቃ ይዞ መግባት ትርጉም ነበረው። ዛሬ ዶላሩን ይዞ መግባት ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ልምጣ፣ በጣም የሚያናድደኝ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሰው ሁሉ ስለ ቮልቱ ያውቃል፣ «ትራንስፎርመር እገዛለሁ» ይላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲነዳ ፍጥነቱ በስድስተኛ ያህል ይወርዳል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ማይክሮዌቭም እንዲሁ፣ በተለይ ውስጡ ከባድ ጥቅልል ያለበት የድሮው ዓይነት።

የአክስቴ ልጅ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ማይክሮዌቭ ጭና አዲስ አበባ አያት ሰፈር ያለው ቤቷ አስገባች። መርካቶ «5,000 ዋት» የተጻፈበት ትራንስፎርመር ተገዛ። ሻጩ «ንጹህ ኮፐር ነው» ብሎ ነበር። ፍሪጅ ሲነሳ ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ እና መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ያ ትራንስፎርመር ሲያቃስት ይሰማ ነበር። አንድ ማታ ሽታ ሸተተ። ሠሪው በማግስቱ መጥቶ ክዳኑን ፈታ፣ ከጥቅልሉ ጫፍ አንዱን ሽቦ ስቦ በምላጭ ፋቀው። ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። «ይኸው እህቴ፣ አሉሚኒየም ነው። ቀለሙ ነው ኮፐር» አላት። ትራንስፎርመሩ ብቻውን ቢሄድ ጥሩ ነበር፣ የፍሪጁን ቦርድ ይዞት ሄደ። ያ ቦርድ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ሞዴሉ እኛ አገር ተሽጦ አያውቅምና መለዋወጫ የሚያመጣበት ምክንያት ያለው ነጋዴም የለም። ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ ተላከ፣ ተገጠመ፣ ወራት ሠርቶ ኮምፕሬሰሩ ተከተለ። በዚያ ሁሉ ገንዘብ እዚያው አዲስ አበባ ለ220 የተሠራ አዲስ ፍሪጅ ከነስታብላይዘሩ በተገዛ ነበር።

ስለዚህ የአሜሪካ ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ ይቅር። ከአሜሪካ የሚወጣው ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል የተጻፈበት ብቻ ነው። ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ደህና ናቸው። ቴሌቪዥን ከጀርባው ይነበብ። የባትሪ መሰርሰሪያ የምትወዱ ሰዎች፣ መሰርሰሪያው ችግር የለበትም፣ ቻርጀሩ ግን ብዙ ጊዜ 120 ብቻ ነው።

የእንጨት ዕቃም ቢሆን ከተጫነ ጣውላው ምን እንደሆነ እዩ። አሜሪካ በርካሽ የምንገዛው ቁምሳጥንና መጻሕፍት መደርደሪያ የተጨፈለቀ ሰጋቱራ ነው። አንዴ ከተፈታ ብሎኑ ድጋሚ አይጨብጥም። ጅቡቲ ላይ በሙቀቱ ወራት ፀሐይ የተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የላዩ ልባጥ ይነሳል። ዋንዛ አገር ቤት እያለ ሰጋቱራ በመርከብ መጫን አይገባኝም። አልጋም እዚያ በሜትር ነው የሚሠራው፣ ባለ 1.20፣ ባለ 1.50፣ ባለ 1.80። የአሜሪካው ፍራሽና አንሶላ ከፍሬሙ ጋር አይገጥምም።

አዲስ አበባ ስትገዙ ማጭበርበር የለም ማለቴ አይደለም። ስታብላይዘርና ኤክስቴንሽን ገመድ ላይ አስመሳዩ ብዙ ነው። የታወቀ ስም አንድ ፊደል ተቀይሮ ተለጥፎበት ታያላችሁ። እኔ የማየው ክብደቱን ነው፣ አንድ ዓይነት ዋት የተጻፈባቸውን ሁለቱን አንሥታችሁ መዝኑ፣ ቀላሉን ተዉት። ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ ይሥራ። ማኅተም ያለበት ዋስትና ይኑረው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ቦታ የት እንደሆነ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ከኤምባሲና ከድርጅት ሠራተኞች የሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ ጥሩ ጥሩ ይገኝበታል፣ ከአሜሪካኖች ከሆነ ግን መጀመሪያ ቮልቱ ይነበብ።

መኪናስ ለምትሉኝ፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያቺን ካምሪ አሜሪካ እያላችሁ ሽጧት።

ታዲያ ኮንቴይነር ለማን? ለሙያ ሰው። ጋራዥ የሚከፍት፣ የእጅ መሣሪያ ለዓመታት ያጠራቀመ መካኒክ። ክሊኒክ የሚከፍት። መጻሕፍት በብዛት ያለው። እነዚህ ዕቃዎች አገር ቤት ወይ አይገኙም፣ ወይ የሚገኘው ቅጂው ነው። አንድ ጥሩ የመፍቻ ቁልፍ ስብስብ ከመርካቶው አስመሳይ ጋር አይነጻጸርም፣ የመርካቶው ጥርሱ አንድ ክረምት አይቆይም። እንዲህ ዓይነት ሰው ባለ 20 ፊቱን ብቻውን ይያዝ፣ የተረፈውን ቦታ በብርድ ልብስና በድስት ይሙላ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ካለው የካፒታል ዕቃ (የሥራ ማሽንና መሣሪያ) መብቱ የሚታየው በሌላ ወረቀት ስለሆነ ከቤት ዕቃው ዝርዝር ጋር አይደባልቀው።

ለቀራችሁት ሻንጣ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ በኢኮኖሚ ለአንድ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። አራት ሰው ቤተሰብ ስምንት ሻንጣ፣ 184 ኪሎ ነው። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ባዶውን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይበላል፣ የጨርቁ ትልቅ ቦርሳ ግን ከ2 ኪሎ አይበልጥም። በስምንቱ ላይ ወደ 20 ኪሎ ትርፍ አገኛችሁ፣ ያ አንድ ሙሉ ሻንጣ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ በነጻ። ተጨማሪ ሻንጣ ከፈለጋችሁ ዋጋውን ቲኬት ስትቆርጡ ጠይቁ፣ ከኮንቴይነር ዋጋ ጋር ስታነጻጽሩት ትንሽ ነው። የልጆች ልብስ፣ ጫማ፣ መድኃኒት ከነማዘዣው፣ ፎቶና ሰነድ፣ ጥሩ ቢላዋና መጥበሻ። ለግል ከሚበቃ በላይ ስልክና ላፕቶፕ ከያዛችሁ ቦሌ ላይ አስመዝግቡ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁም ልጫን የምትሉ ካላችሁ፣ ስማችሁን ተጠንቀቁ። በመጫኛ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው ስም ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። አሜሪካ በአባት ስም፣ ፓስፖርት ላይ በአያት፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ላይ በሌላ አጻጻፍ የሆነ ሰው ብዙ ነው፣ በአንድ ፊደል ምክንያት ዕቃው ሞጆ ላይ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። ኢንሹራንስ ስትገቡ ሁሉን አደጋ ይሸፍን እንደሆነ ወይስ መርከቡ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ አንብቡ። ራሳችሁ ባሸጋችሁት ካርቶን ውስጥ ለሚሰበር ብዙዎቹ አይከፍሉም፣ ስለዚህ ሳህንና ብርጭቆውን ባለሙያ ያሽገው። ኮንቴይነሩ ሲዘጋ እዚያው ቁሙ፣ የማኅተሙን ቁጥር ፎቶ አንሡ፣ ሞጆ ላይ ሳይቆረጥ ያንኑ ቁጥር መሆኑን ለትራንዚተራችሁ አሳዩት።