ለሰርግ ሄጄ ፊቴን ያሳየሁበት ጉዞ

የወንድሜ ልጅ ሰርግ ነበር የወሰደኝ። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። 53 ዓመቴ ነው። በሁለቱ ቅንድቦቼ መሐል ሁለት መስመር ተሰምሯል። ጉንጬ ላይ ደግሞ የመጨረሻ ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ ያልለቀቀኝ ማድያት አለ። ጓደኞቼ «አገር ቤት ስትሄጂ ተሠሪው፣ ዋጋው አይገናኝም» ሲሉኝ ከርመዋል። እዚህ እኛ ዘንድ ቦቶክስ (የፊት ጡንቻን አላልቶ መስመር የሚያጠፋው መርፌ) በዩኒት፣ ማለትም በመድኃኒቱ መለኪያ፣ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይጠየቃል። ለቅንድብ መሐል ብቻ የተለመደው መጠን ደግሞ 20 ዩኒት ነው። አስቡት።

መጀመሪያ የሄድኩት ቦሌ አካባቢ ያለ የውበት ማዕከል ነው። ቤቱ ያምራል፣ መስተንግዶውም ጥሩ ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ቆም ብላ አየችኝና «የኔ እናት፣ አንድ ሁለቴ ሌዘር ቢሠሩ ልጅ ነው የሚሆኑት» አለችኝ። ምን ዓይነት ሌዘር ነው አልኳት። «አዲሱ ነው» አለች። ማነው የሚሠራው ስላት፣ እሷው ራሷ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቀችኝም። ቁስል ሲድን ይጠቁርብኝ እንደሆነም አልጠየቀችኝም።

ይሄ ጥያቄ ለእኛ ቀልድ አይደለም። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ወይም ሲቃጠል ቀለም ያበዛል። ብጉር ድኖ ጥቁር ምልክት የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ሌዘር የሚሠራው በሙቀት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚያነጣጥረው የቆዳውን ቀለም ራሱን ነው። ማድያትን ሙቀት ብቻውን ያባብሰዋል። ለጠቆረ ቆዳ የሚሻሉ ሌዘሮች አሉ፣ ግን መሣሪያውንም ቆዳውንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።

ማታ ለታላቅ እህቴ ስነግራት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አገጯ ሥር አሳየችኝ። የአውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ጥላ። የሆነ ቤት ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ) ተሠርታ፣ አሲዱ ቆይቶባት ነው። ለማንም አልተናገረችም ነበር። በጣም አዘንኩ። በማግስቱ እሷን አሁን የምታክማት የቆዳ ሐኪም ጋ ይዛኝ ሄደች።

ዶክተሯ ወጣት ናት። መጀመሪያ ሜካፔን አስጠረገችኝ። ክፍሉን አጨልማ ሐምራዊ መብራት ፊቴ ላይ አበራችና ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «መኪና ይነዳሉ?» አለችኝ። በቀን ሁለት ሰዓት እነዳለሁ አልኳት። መስታወት ሰጠችኝ። የግራ ጉንጬ ከቀኙ ይጠቁራል! አሜሪካ ሹፌር በግራ ነው የሚቀመጠው፣ የጎን መስኮት መስታወት ደግሞ ቆዳ የሚያስረጀውን የፀሐይ ጨረር ሙሉ በሙሉ አያግድም። ስንት ዓመት መስታወት እያየሁ ይሄን አላስተዋልኩም።

«መስመሩና ጥቁረቱ ሁለት ችግር ናቸው» አለችኝ። መስመሩ የሚመጣው ፊት ሲኮሳተር ከሚሠራው ጡንቻ ነው፤ ለእሱ ቦቶክስ ይሆናል፣ ሙቀት ስለሌለው የቆዳ ቀለም አያግደውም። ለማድያቱ ማታ ማታ ትሬቲኖይን ቅባት፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ለፊት ሁሉ። (ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም።) ቀን ቀን ቀለም ያለው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት)፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው አይረን ኦክሳይድ ማድያትን የሚያነሳሳውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከለክላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል እንጂ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል።

«ፒሊንግስ?» አልኳት። ለእኛ ቆዳ የሚስማማ ቀለል ያለ አለ፣ ግን እምቢ አለችኝ። «ሰርጉ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ከዚያም ይሄዳሉ። ቆዳዎ ቢቆጣ ማን ያይልዎታል?» ልቤን የገዛችው እዚህ ጋ ነው። ገንዘቤን ይዤ ቀርቤ፣ አይሆንም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ቦቶክሱን ግን ተወጋሁ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋስ ብዬ ጠየቅኳት። ሳትቀየም ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አሳየችኝ፣ ጄኔሬተርም አላቸው። ብልቃጡን እያየሁ ከፈተችው። አምስት ቦታ፣ እንደ ትንኝ ንክሻ፣ አለቀ። በአምስተኛው ቀን ግንባሬ ፈታ አለ። ሰርጉ ላይ የወንድሜ ሚስት «እንቅልፍ ጠግበሽ መጣሽ?» አለችኝ፤ ይሄ ይበቃኛል።

ፊለር (የጎደጎደ ፊትን ለመሙላት ቆዳ ሥር የሚወጋ ነገር) አልሞከርኩም። የምትሞክሩ ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሂያሉሮኒዴዝ የሚባለው ማሟሟቻ እጃችሁ ላይ አለ ወይ? የተለመደው የሂያሉሮኒክ አሲድ ፊለር በስህተት ደም ሥር ከገባ የደም ዝውውር ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ይሄ መድኃኒት በፍጥነት ያስፈልጋል። የለንም ካሉ ተነሡና ውጡ።

ለሙሽራዋ ስንል ወይባ ጢስም ገባን። በጋቢ ተጠቅልዬ፣ አንገቴን ብቻ አውጥቼ፣ ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ የጉዞው ድካም ሁሉ ለቀቀኝ። ሰውነቴ ለሳምንት ያህል ሐር ነበር፣ ሽታውማ አይነገርም። ለፊት መስመር የሚያደርገው ነገር የለም። ማድያት ያለባችሁ ግን ሙቀቱ ፊታችሁን እንዳያገኘው።

ከተመለስኩ አራተኛ ወር ይዣለሁ። መስመሩ ተመልሶ ብቅ ብሏል፣ ዶክተሯም ከ3 እስከ 4 ወር ነው ብላኝ ነበር። የግራ ጉንጬ ማድያት ግን ጠርዙ ሳስቷል። ሰንስክሪኑን ከመኪና ቁልፌ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ቁልፉን ሳወጣ እሱም አብሮ ይወጣል።