ዘጌ ቡና መሀል ድንኳን ለተከለልን ልጅ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከባለቤቴ ጋር ዘጌ ሄደን በድንኳን አድረን ነበር። ያሳደረን ልጅ ሲሸኘን «እትዬ፣ ከተመቻችሁ ለሰው ንገሩልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ይኸው ሁለት ወር አለፈ፤ ትንፍሽ አላልኩም።

እኛ ዘንድ ድንኳን ለሰርግ ነው፣ ካልሆነም ለለቅሶ። እናቴ «ድንኳን ውስጥ ልናድር ነው» ስላት «ማን ሞተ?» ነው ያለችኝ። እኔም ብሆን ቂም ነበረኝ። አምና አንድ ቦታ ሞክረን ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሐይቅ ዳር፣ ከስፒከር አጠገብ። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ዘፈን፣ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ብርድ። ፍራሽ ብለው የሰጡን ስፖንጅ ከጋቢዬ ይሳሳል። ወገቤን ሳምንት ሙሉ ይዤ ዞርኩ።

ስለዚህኛው ልጅ የነገረን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ሄደን ደረስን። እንግዳ የሚቀበለው በቤተሰቡ የቡና ቦታ ላይ ነው። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ሽንት ቤት አለ፣ ውሃ አለ። ውሻም አለ።

ልጁን የወደድኩት እምቢ ማለት ስለሚችል ነው። ባለቤቴ ውሃው እንዲታየው ዳር ላይ ይተከል አለ። «ጋሼ፣ ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። መንገዱ ላይ አንተኛበት» አለው። እኔ ደግሞ ትልቁን ሾላ አይቼ ጥላው ደስ አለኝ። ምንም ሳይናገር በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ፤ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። መጨረሻ ላይ ቡናው ሳሳ ያለበት፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ መረጠ። ገመድ የሚወጥርበት እንጨት ሲያጣ ባለቤቴ ከቡናው አንድ ቆርጠን እንጠቀም ብሎ ነበር። ልጁ ሳቀና ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ዘጌ ላይ በአባቶች ሥርዓት በሬ ተጠምዶ አይታረስም። ቡናውም፣ ጌሾውም፣ ሎሚውም ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀሉ ነው የሚነገረው። ጫካው እስካሁን የቆመው እንዲህ ባለ ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ።

አሁን ወደ መኝታው ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። መጀመሪያ ላስቲክ አነጠፈ። በላዩ ጆንያ፣ ከዚያ ሰሌን፣ ከዚያ ወፍራም ፍራሽ። አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። «ብርድ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ከላይ አምስት ብርድ ልብስ ቢደረብ ከታች ካልተነጠፈ ዋጋ የለውም» አለኝ። ልክ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ለመታጠብም ወደ ሐይቁ አልሰደደንም። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ውሃ አሙቆ በሳፋ አቀረበልን።

ማታ ቡና ተፈልቶ አለቀ። ከሰሉ ግን ገና ፍም ነው። እኔም ምድጃውን ወደ ድንኳኑ አስገባልኝ፣ ያሞቀናል አልኩት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ድምፁ ከፍ ብሎ አልሰማሁም ነበር። «እትዬ፣ ይኼንንስ አላደርግም!» አለ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ቤታቸው ከሰል አስገብተው ተኝተው ሳይነቁ ስለቀሩ ሰዎች ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ እኔ ግን ብርዱ አስረሳኝ። ምድጃውን ወስዶ አፈር አለበሰው። ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ በሁለት ሃይላንድ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ እግራችን ሥር አኖረልን። እስከ ንጋት ለብ ብሎ ቆየ።

የድንኳኑን መስኮት አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉት ብሎን ነበር። ባለቤቴ ልጁ ዞር ሲል ጠብቆ ዘጋው። ጠዋት ጣሪያው አርጥቦ ግንባሩ ላይ ሲንጠባጠብበት «ዝናብ ዘነበ እንዴ?» አለኝ። ዝናብ አልነበረም፤ የራሱ ትንፋሽ ነው። ወባ ትንኝ እንዳይገባ መረቡ አለ፣ መስኮቱን መዝጋት አያስፈልግም።

ሌሊቱን ስፒከር የለም፣ ጄኔሬተር የለም። ልጁ ስፒከር ይዞ የመጣ እንግዳ አይቀበልም። አንዳንዴ አንድ ነገር ጠብ ይልና ድንኳኑን ይነካዋል፤ ቅጠል ይሁን ፍሬ እንጃ። ሌሊት ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሩቅ ሰማሁ። ውሻው ከራስጌዬ በኩል ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። ባለቤቴን ነው ብዬ ሁለቴ በክርኔ ጎሸምኩት።

ጉድለትም አለው። ትራሱ ድንጋይ ነው። ስንመለስ ጀልባው አንድ ሰዓት ዘገየ፤ ይሄ እንኳ የልጁ ጥፋት አይደለም፣ ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ ያለው ሰው ያስብበት። ክረምት ላይ እንግዳ አይቀበልም። ባትሪና ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ጋቢም አይጠላም። ዋጋው ባሕር ዳር ከመካከለኛ ሆቴል የአንድ ሌሊት ክፍያ ብዙም አይርቅም፤ እራት፣ ቁርስና ቡና ጨምሮ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልታዩ ካሰባችሁ ሁለተኛውን ቀን ለእሱ ብቻ ተዉት፤ እኛ ቸኩለን ሥዕሎቹን በወጉ ሳናይ ተመለስን።

ወንድሜ፣ ዘግይቼም ቢሆን አመሰግናለሁ። እጅህ ይባረክ። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። እናቴ ከአሁኑ ተመዝግባለች። የራሷን ትራስ ይዛ ነው የምትሄደው።