ከአንቲባዮቲክ ጋር አብሮ ይጠጣል የሚባለውን ዱቄት አትግዙ

የጎንደር ሰዎች፣ ይህን ለእናት አባቶቻችሁም ንገሩልኝ። አራዳ ገበያ አካባቢ "ለሆድ" እየተባለ የሚሸጥ አረንጓዴ ዱቄት አለ። አክስቴ በ600 ብር ገዝታ መጣች። ላስቲኩ ላይ ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ከምን እንደተሠራ የተጻፈ ነገር የለ። ሻጩ ሽፈራውና "የማይነገር ሥር" አለበት ብሏታል። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ስታሳየው ደግሞ "እናቴ፣ አያቋርጡት፣ ከዱቄቱ ጋር አብረው ይዋጡት፣ ያፈጥነዋል" ብሎ ሸኛት። ልትመልስ ስትሄድ "የተከፈተ አይመለስም" አላት።

እኔን ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም፣ "ያፈጥነዋል" የሚለው ቃል ነው። የታዘዘላት ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባል አንቲባዮቲክ ነበር። ሲፕሮ ካልሲየም፣ ብረት ወይም ማግኒዚየም ካገኘ ሆድ ውስጥ ከእነሱ ጋር ይያያዛል፤ ብዙው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም እንደዚሁ ናቸው። የሽፈራው ቅጠል ደግሞ ካልሲየምና ብረት ሞልቶበታል። ገንዘብ ያወጣችበትን ኪኒን፣ ሌላ ገንዘብ ጨምራ ልታበላሸው ነበር። በሽታው ሳይለቅ ይከርማል፣ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለምደዋል። ሲፕሮ የሚዋጠው እንዲህ ያለ ነገር ከመቅመሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ነው። በወተት ወይም በእርጎ ብቻ ማወራረድም አይሆንም።

"በአረቄ በጥብጡት" የሚሉም አሉ። ለጃርዲያ ወይም ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል የጀመረ ሰው ይህን እንዳይሞክረው። ያስመልሰዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል። ኪኒኑ ካለቀ በኋላም 3 ቀን ከጠላም ከጠጅም መራቅ አለበት። ኮሶም ቢሆን ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ የዋጣችሁት ኪኒን አብሮ ይወጣል።

የባህል መድኃኒት ጠላት አይደለሁም። እኛም ግቢ ዳማከሴ አለ፣ ምች የመታው ሲመጣ ይታሻል። ግን የምናውቀው ቅጠል ነው፣ ስሙም አይደበቅም። ስሙን የማይነግራችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። የምትጠጡትን ቅጠል ሁሉ ለሐኪሙና ለፋርማሲስቱ ንገሩ፣ አትፈሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም። አንቲባዮቲኩን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ዱቄቱን ቀድሞ የጠጣ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የተረፈውን ዱቄት ከነላስቲኩ ያዙ፣ ኪኒኑንም ጨምራችሁ አሳዩ።