አምፖል ቴስተር ወይስ መልቲሜትር?

የጅማ ክረምት መኪና ላይ መጀመሪያ የሚያጠቃው ኤሌክትሪኩን ነው። የኔ አሮጌ ቶዮታ ሴሊካ የኋላ መብራቱ እምቢ አለ። እኔ መልቲሜትር (ቮልትና ከረንት በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ያዝኩ፣ ጎረቤቴ ባለ አምፖሉን ቴስተር (ከረንት ሲያልፍበት አምፖሉ የሚበራ መፈተሻ)።

መልቲሜትሩ ሶኬቱ ላይ 12.4 ቮልት አሳየ። አዲስ አምፖል ብከትም ጭጭ! በቴስተሩ ስንነካው ግን ጭል ብሎ ቀረ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ መልቲሜትር የሚስበው ከረንት ኢምንት ስለሆነ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ጤነኛ ይመስለዋል። ቴስተሩ ግን አምፖሉን ለማብራት ከረንት ይጠጣል፤ የደከመ መስመር ያጋልጣል። የኋላ ኮፈን ስር ማያያዣውን ስንከፍተው አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ውሃ ገብቶ ነው።

ባትሪ አድሮ የሚሞት ከሆነ ግን ቴስተሩን ተዉት። መልቲሜትሩን አምፔር ላይ አድርጎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅሎ በገመዱና በባትሪው መሃል ማስገባት ነው። መኪናው ተዘግቶ ከተረጋጋ በኋላ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ካነበበ ባትሪውን በድብቅ የሚጠጣ ሌባ አለ፤ ንባቡ እስኪወርድ ፊውዝ አንድ በአንድ መንቀል ነው። በዚህ ሁኔታ ሞተር ማስነሳት አይሞከርም፣ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል (አቃጥዬ አውቃለሁ)።

ኤርባግና ኮምፒውተር መስመር ላይ ባለ አምፖሉ በጭራሽ አይነካም። አንዱን ብቻ ግዛ ካላችሁኝ መልቲሜትር እላለሁ፤ ቴስተሩን ከጎረቤት እዋሳለሁ።