ለሐይቁ ጀልባ ቀዛፊ ምስጋና፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች ጥቆማ

ባለፈው ጥቅምት ከባለቤቴ፣ ከልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ከደሴ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ በሄድንበት ጊዜ ያስተናገደንን ወጣት ጀልባ ቀዛፊና አስጎብኚ በይፋ ለማመስገን፣ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወጣ ማለት ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆችም እሱን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስሙ በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለገ ፈቃዱን አክብሬ ትቼዋለሁ፤ የሚገኝበትን ግን ከታች እናገራለሁ።

ቦታው ሩቅ አይደለም። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመነኻሪያ በሚኒባስ፣ ከሐይቅ ከተማ ደግሞ በባጃጅ ይደረሳል። ልጆች ላሉት ሰው የሚያሳስበው ግን መንገዱ ሳይሆን ውኃው ነው፤ የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳልና ማን ጀልባ ላይ እንደሚያሳፍራችሁ ማወቅ ተገቢ ነው።

ይህ ወጣት ገና ዋጋ ሳይነጋገር ስንት ሕፃናት እንዳሉን ጠየቀ። ከዚያም ልጆቹን አንድ በአንድ ፊቱ አቁሞ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሳቸው። የትንሿን ልጄን ጃኬት በሁለት እጁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲስበው እስከ ጆሮዋ ስለወጣ፣ "ይህ ውኃ ውስጥ ባንገቷ ሾልኮ ይወጣል" ብሎ አወለቀላትና በእግሮቿ መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ያለውን አነስ ያለ ጃኬት ፈልጎ አመጣላት። ከኋላችን የመጡ ሰዎች በጀልባዋ ላይ ቦታ እንዳለ አይተው ተጨማሪ ገንዘብ እንክፈልህ ቢሉትም፣ ሕፃናትና አረጋዊት ይዣለሁና ሰው አልጨምርም ብሎ በትሕትና መለሳቸው። እናቴ ጀልባ ላይ ወጥታ ስለማታውቅ ፈርታ ነበር፤ እጇን ይዞ መሃል ላይ ካስቀመጣት በኋላ "አብሽሩ እማማ፣ ነፋስ ሳይነሳ እመልስዎታለሁ" አላት፤ እንዳለውም ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ከመጀመሩ በፊት መለሰን። ልጆቹ ጥቂት እንቆይ ብለው ቢለምኑት፣ እኔም ጨምሬ እከፍልሃለሁ ብዬ ብጠይቀው አልተቀበለም። ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ለዚህ ነው።

ጀልባዋ የምትቆምበት ዳር ረግረግ ስለሆነ፣ እሱና ባልንጀሮቹ በደንገሉና በፊላው መሃል የሳንቃ መተላለፊያ ዘርግተዋል። ጠባብና አጭር ቢሆንም እናቴ ምርኩዟን ይዛ ያለ ችግር ተሻግራበታለች። ሳንቃው እግራችን ጭቃ እንዳይነካው ብቻ የተዘረጋ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሰው እንዳሻው ሲመላለስ ደንገሉ እየተረገጠ እንደሚጠፋ፣ ደንገሉ ከጠፋ ደግሞ ጎርፍ ከእርሻ እየጠረገ የሚያመጣውን አፈር የሚያስቀር ነገር እንደማይኖር፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም የሚራባው በዚያው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እንደሆነ አስረዳን። ሐይቁን የሚያስተዳድሩ ወገኖች ይህን አይተው በሰፊውና በደጋፊ አጥር ቢሠሩት ለአረጋውያንም ለአካል ጉዳተኞችም ትልቅ ውለታ ይሆን ነበር።

በዚያ ሳንቃ ላይ ቆመን ያየነውን ልጆቼ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነች ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከውኃው በላይ ክንፏን እያርገበገበች፣ ምንቃሯን ወደ ታች ደፍታ ባለችበት አየር ላይ ቆመች፤ ከዚያም እንደ ተወረወረ ጦር ቁልቁል ወርዳ ውኃው ውስጥ ገባች። ስትወጣ በምንቃሯ የያዘችውን ትንሽ ዓሣ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና ግራና ቀኝ ደጋግማ ከእንጨቱ ጋር ካጋጨችው በኋላ በጭንቅላቱ በኩል ዋጠችው። ወጣቱ ወዲያው ከመናገር ይልቅ ልጆቹን "ለምን የመታችው ይመስላችኋል?" ብሎ ጠየቃቸው፤ ከእነሱ መልስ ከሰማ በኋላ ነው ዓሣው እንዳይወራጭባት መሆኑን የነገራቸው። ስለ ሸማኔ ወፎቹም እንዲሁ ነው ያስተማራቸው። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ እንደሆነ፣ ሴቷ መጥታ እንደምትመረምረውና ካልወደደችው አፍርሶ ሌላ እንደሚሠራ ሲነግራቸው ባለቤቴም ከልጆቹ እኩል በጉጉት ታዳምጥ ነበር።

ጦጣዎቹ ወደ እኛ ሲጠጉ ልጄ ብስኩት ሊወረውርላቸው እጁን ሲያነሳ፣ ወጣቱ ሳይቆጣ ከለከለው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ የገበሬውን ማሳ ከመድፈርና የሕፃን እጅ ከመቧጨር እንደማይመለስ ነገረው። በጀልባዋም ላይ የማዳበሪያ ጆንያና ባለ እጀታ መረብ አለው፤ እየቀዘፈ የተንሳፈፉ ፕላስቲኮችን ይለቅማል። ወደ ሐይቁ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል ውኃ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ፣ የተጣለ ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡበት ገና ከመነሳታችን ስለነገረን፣ ቤተሰቡን ከመከፋፈል ሁላችንም ከውኃው ላይ ሆነን ለማየት መረጥን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ገዳሙ ስመ ጥር የትምህርት ማዕከል እንደነበረና አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ እንደተማሩ አጫወተን። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት በደል ደርሶባት ምድሩ በውኃ ሲሞላ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ የሚለውን አፈ ታሪክም ነገረን፤ የትኛው ታሪክ፣ የትኛው አፈ ታሪክ እንደሆነ ለይቶ መናገሩን ወድጄለታለሁ።

ይህን ወጣት ለማግኘት ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ የሳንቃውን መተላለፊያ የሠራውን ጀልባ ቀዛፊ ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። በጠዋት ሂዱ፤ ወፎቹም ያኔ ይበዛሉ፣ ውኃውም ይረጋል። የጠየቀን ክፍያ ተገቢ ነበርና እባካችሁ አትከራከሩት። አነስተኛ የልጆች ጃኬት ብዙ ስለሌለው፣ ሕፃናት የምትይዙ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጥራቸውንና ዕድሜያቸውን ንገሩት።