ለአንድ የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ባለሙያ ምስጋናም ጥቆማም

በሕፃናት ልብ ክትትል የምንሠራ ሐኪሞችና ነርሶች ነን። የምናመሰግነውን ሰው ስም ብንጠራ ደስ ባለን፤ «እንዳታነሱኝ» ስላለ ተውነው። የሚፈልገው በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ምስጋናችን ለአንድ ልማዱ ነው። የ2 ወይም የ3 ወር ሕፃን ልቡ ሰፍቶ፣ ጡንቻው ደክሞ ሲመጣ «ካርዲዮማዮፓቲ» (የልብ ጡንቻ ሕመም) ብሎ ወረቀቱን አይዘጋም፤ አስቀድሞ የግራውን ኮሮናሪ (የልብን ጡንቻ የሚመግበውን ደም ሥር) መነሻ ይፈልጋል። ይህ ደም ሥር ከአኦርታ (ደምን ከልብ ወደ ሰውነት ከሚያወጣው ትልቁ ደም ሥር) መነሳቱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ትልቁ ቧንቧ ሲነሳ አልካፓ ይባላል። ከ300,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ቢገኝ ነው፤ ካልታከሙ ግን አብዛኞቹ ዓመት አይደፍኑም።

በተወለዱ ሰሞን የሳንባው ግፊት ከፍ ያለ ስለሆነ ምልክት የለም። በሳምንታት ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ፣ ጡንቻውን መመገብ የነበረበት ደም በዚያው ቧንቧ ወደ ሳንባ ይሸሻል። ሕፃኑ ጡት ይዞ ያልበዋል፣ ይገረጣል፣ ይጮኻል። ቤት ውስጥ «ቁርጠት ነው» ይባላል።

ኤኮ ላይ የሚያሳስተው የግራው ኮሮናሪ የአኦርታን ግድግዳ ተጠግቶ ማለፉ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ምስል የተያያዘ ይመስላል። እሱ ታዲያ የከለሩን (የደሙን ፍሰት በቀለም የሚያሳየውን ምስል) የፍጥነት ስኬል ወደ 20–30 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ አውርዶ ደሙ ወዴት እንደሚፈስ ያያል። ወደ ሳንባው ቧንቧ ከገባ ሌላ ጥያቄ የለም። የቀኙ ኮሮናሪ መስፋቱን ይለካል፤ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባው) ላይ ሊድ አንድና ኤቪኤል የተባሉት መስመሮች ጥልቅ ኪው (ወደ ታች የሚወርድ ሞገድ) እንዳላቸው ያመሳክራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሕፃኑ ጠብቶ እስኪተኛ ጠብቆ፣ የጄሉን ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይቶ ነው። በሚያለቅስ ሕፃን ኮሮናሪ ማየት ዘበት ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ደም ሥሩን ከዙሪያው ግድግዳ ጋር ቆርጦ አኦርታ ላይ ይሰፋዋል። ጡንቻው በመድከሙ የሚያፈሰው ሚትራል ቫልቭ (በግራው የልብ ክፍል ያለው በር) ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ጡንቻው ሲያገግም ማፍሰሱ ይቀንሳል። የዎርድ ባልደረቦች፣ እስከዚያ ኦክስጅን በልማድ አትክፈቱ፤ የሳንባውን ግፊት ስለሚያወርድ የሚሸሸው ደም ይብሳል።

ወላጆች፣ ለኤኮ ስትሄዱ የቀድሞውን ኢሲጂ ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን ያዙ። ጡት የምትሰጡትም ተራችሁ ሲቃረብ፣ እዚያው የምርመራው ክፍል በር ላይ ይሁን።