«ቤልጅግ ነው» ስለተባላችሁ ሁለት በሬ አትሽጡ

ይህን የምጽፈው በተለይ የአያቱን ጠመንጃ እያሰበ ገንዘብ ለሚያጠራቅም የጎጃም ሰው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አምና መኸር ከገባ በኋላ ሁለት የሚያርሱ በሬዎች ሸጬ አንድ አሮጌ ቤልጅግ ጠመንጃ ገዛሁ። ዛሬ በሬዎቹም የሉም፣ ጠመንጃውም የለም። የወንድሜ ልጅ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለት ዓይኑን ይዞ አለ፤ እሱም ለጥቂት ነው የተረፈው። በእኔ የደረሰው በሌላው እንዳይደርስ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አያቴ ቤልጅግ ነበራቸው። ደምበጫ አካባቢ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጎጆው ውስጥ ከምሰሶው ላይ ከነዝናሩ ተሰቅሎ፣ ጥላሸት እንዳይነካው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ይኖር ነበር። ለዓመት በዓል ሲወርድ እኛ ልጆች እንከባቸዋለን። ጨርቅ በዘይት ነክረው ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ይወለውሉታል። ከዚያ የመዝጊያውን እጀታ ወደ ላይ አንስተው፣ ወደ ኋላ ስበው ሲመልሱት የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ብረት ከብረት ሲገጥም የሚሰማ፣ የማይንገጫገጭ፣ ሙሉ ድምፅ ነው። «ባዶም ቢሆን ወደ ሰው አይዞርም» ይሉን ነበር። ድኩላ ያደኑበትን፣ ከርከሮ ከማሳ ያባረሩበትን ዘመን ሲያወሩ እጃቸው ከእንጨቱ ላይ አይነሳም። ሲያርፉ ለቅሶው ላይ ጠመንጃቸው በሰው ትከሻ ሆኖ ዞረ፤ ያን ጊዜ ነው ቤተሰቡ ከልቡ ያለቀሰው። ኋላ በውርስ ክርክር ከቤታችን ወጣ።

ስለዚህ ክላሽ አይቼ ልቤ አይነሳም። እኔ የምፈልገው ያንኑ ረጅሙን፣ እንጨቱ በእጅ ላብ የጠቆረውን ነበር። ለመተኮስም ብዙ አልጓጓም። ቤት ውስጥ ኖሮ ልጆቼ እንዲያዩት፣ እኔም ለበዓል አውርጄ እንድወለውለው ነበር ምኞቴ። ደላላው ይህን ከአፌ ሰማ። ከዚያ በኋላ የሸጠልኝ ብረት አልነበረም፤ የራሴን ናፍቆት ነው መልሶ የሸጠልኝ።

ሰውዬው ታሪክ ያውቃል። ቤልጅግ የሚባለው ቤልጅየም ውስጥ ሊዬዥ ከተማ አጠገብ ኤርስታል በሚባል ቦታ የተሠራ ሞዘር መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 እና በ1930 የወጡት ዓይነቶች ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራችን መግባታቸውን፣ አምስት ጥይት እንደሚጎርስ፣ ጥይቱም 7.92 ሚሊ ሜትር እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረኝ። ሁሉም እውነት ነው። የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ጠመንጃዎች መኖራቸውም እውነት ነው። ቀጠለና «ይኼ በበላይ ዘለቀ አገር ጣሊያንን የተዋጋ ነው፤ ከአርበኛ ልጅ እጅ ነው የወጣው» አለኝ። ጎጃም ውስጥ ይህን ሰምቶ ልቡ የማይሸፍት ማን አለ? እውነተኛ ታሪክ የሚያወራ ሰው እውነተኛ ዕቃ የያዘ መሰለኝ። አንድ ጠመንጃ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ነበረ ማለት ግን ዛሬ ለመተኮስ ደህና ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ የዘመተ ጠመንጃ ብዙ የተበላ ጠመንጃ ነው።

ደላላውና ሻጩ ያሳዩኝ ሲመሽ ነው፣ ቤት ውስጥ፣ በኩራዝ። እንጨቱ ያብለጨልጫል። በኋላ እንደገባኝ በኑግ ዘይት ነው የታሸው፤ የኑግ ዘይት ሲደርቅ ቆዳ ስለሚያበጅ ስንጥቁን ሸፍኖታል። የሰደፉ ቀጭን አንገት ላይ ቆዳ ተጠምጥሟል። «የጥንት ሰው ጌጥ ነው» አሉኝ። ከቆዳው ሥር እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሮ ነበር። ብረቱ ጥቁር ነው፤ አቅፌው ስወጣ ጋቢዬ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር ተወ። የጫማ ቀለም! የአያቴ ጠመንጃ ነጠላ ላይ ዘይት እንጂ ቀለም ትቶ አያውቅም። ጋቢዬን አየሁት፣ አራገፍኩት፣ ዝም አልኩ።

«አንድ ልተኩስበት» ብል «ጥይት ውድ ነው፤ ደግሞ ጎረቤት ይሰማል» አሉኝ። «ፈቃዱስ?» ብል «ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» አሉኝ። ደላላው ጆሮዬ ሥር ሆኖ «ከቡሬ የመጣ ሰው ነገ ጧት ሊወስደው ነው» ይለኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ።

በሳምንቱ ከሰው ርቀን ገደል ሥር ወርደን ሞከርነው። ፈቃድ በእጄ ሳይገባ መሞከሬም ጥፋት ነው፤ አልክድም። የወንድሜ ልጅ በግራ ትከሻዬ በኩል ጠጋ ብሎ ቆሟል። ስተኩስ ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ፊቴን ትኩስ ነገር ገረፈኝ፣ ልጁ ጮኸ። ጉንጩ ላይ ከዓይኑ ሥር ጣት በማይሞላ ርቀት የናስ ፍንጣሪ ተሰክቷል። መዝጊያውን ለመክፈት በድንጋይ መምታት ነበረብኝ። ቀለሁ፣ ማለት ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ናስ፣ ከግርጌው ከፍ ብሎ ግማሽ ዙሪያውን ተቀዶ ወጣ።

በማግሥቱ ቀለሁንና ጠመንጃውን ይዤ በቀድሞው ጦር መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ጠመንጃውን ሳይነኩ ቀለሁን ተቀብለው ወደ ብርሃን ያዙት። ካልተቀደደው ወገን፣ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር ነበር፤ ጥፍራቸውን አስኬዱበትና የእኔንም ጣት ወስደው አስነኩኝ። «ልጄ፣ ናሱ እዚህ ጋ ተስቧል። እንደ ማስቲካ ተስቦ ተስቦ ነው የተበጠሰው» አሉኝ።

ከዚያ መዝጊያውን ነቅለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። በእጀታው ሥር ያለው ቁጥርና አፈሙዙ በሚገባበት አካል ላይ ያለው ቁጥር አይመሳሰልም። ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ፤ መዝጊያ ፋብሪካ ውስጥ ለየራሱ ጠመንጃ ተለክቶ ነው ቁጥር የሚመታበት። የአንዱን ነቅለህ ለሌላው ብታገባው ይገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኩሳልም። ግን በጥይቱ ግርጌና በመዝጊያው ፊት መካከል ሊኖር የማይገባ ክፍተት ሊቀር ይችላል። ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ያን ክፍተት ለመሙላት ይሳባል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል፣ እሳቱም ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ጠመንጃ ላይ የሚያመልጠው ጋዝ ቀዳዳ የተበጀለት በግራ በኩል ነው፤ ልጁ የቆመው እዚያው ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ አደጋ ከዚህ በፊትም አይተዋል።

አፈሙዙንም አዩት። ነጭ ወረቀት ከኋላ ይዘው በፊት በኩል አሳዩኝ። ጠመዝማዛው መስመር ጠርቶ መታየት ሲገባው፣ ውስጡ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበልቷል፤ ከመካከሉም አንድ ጥቁር ቀለበት አለ። ቀለበቱ ብረቱ አንድ ጊዜ ተደፍኖ ተተኩሶበት ያበጠበት ቦታ ነው። ባሩዱ የወጣለት የማሳያ ጥይት በአፈሙዙ በኩል አፍንጫውን አስገቡ፤ እርሳሱ እስከ ቀለሁ አፍ ድረስ ገባ። ጤነኛ አፈሙዝ ከዚያ በፊት ይይዘዋል። ብረቱ ላይ የተቀረጸው የይሁዳ አንበሳስ? በጣቴ ዳሰስኩት። ጠርዙ ገና ይቧጥጣል። ከመቶ ዓመት እጅ የተረፈ ቅርጽ እንደዚህ አይቧጥጥም። ቁጥሩ የተመታበት ቦታም በሞረድ ወርዶ ዝቅ ብሏል።

ለዚህ ነው ፈቃድ የማውጣቱ ነገርም የከሸፈው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሸጥም አይቻልም፤ ፈቃድ ደግሞ በመሣሪያው ቁጥር ነው የሚመዘገበው። የተሞረደ ቁጥር ይዞ የቀረበ ሰው ሌባም ባይሆን ሌባ ይመስላል። ጠመንጃው እዚያው ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ቀረ። ሻጩን ፈለግኩት፤ ቤቱ የኪራይ ነበር። ደላላው «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» አለኝ።

አሁን ለእናንተ። መሣሪያ የምትገዙት ፈቃድ ካለው ሰው፣ በፈቃድ፣ ዝውውሩ በሚመለከተው ቢሮ ፊት ብቻ ይሁን። ገንዘብ የሚቆጠረው ቁጥሩና ወረቀቱ አንድ መሆኑ እዚያ ከታየ በኋላ ነው። «ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» ያላችሁ ሰው ጋር ቡና እንኳ አትጨርሱ። ዕቃውን በቀን ብርሃን እዩ። ሻጩ መዝጊያውን ነቅላችሁ በውስጡ እንድታዩ ካልፈቀደላችሁ ተነስታችሁ ሂዱ፤ ደህና ጠመንጃ ያለው ሰው ይህን አይከለክልም፣ እንዲያውም እሱ ራሱ ነቅሎ ያሳያችኋል። ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ብረቱን እሹት። በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመ ነገር ካለ ይፈታ በሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በየከተማው በቀድሞው ጦር ያገለገሉ፣ መሣሪያ ጠግነው ያረጁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ለእነሱ የሚከፈለው ከአንድ በሬ ጭራ አይበልጥም።

ስለ ጥይቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሰው ይሞታል። በእኛ አገር ብዙ ሰው አሮጌ ጠመንጃን ሁሉ ምንሽር ይላል፤ ስሙ ግን ማንሊከር ከሚባለው የኦስትሪያ ጠመንጃ የመጣ ነው እንጂ የሁሉም አይደለም። ውጅግራ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው «ግራ» የተባለ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ። የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 ነው፤ ስድስቱን ጥይት አንድ ላይ የሚይዘው ቆርቆሮ ከሌለ እያንዳንዷን በእጅ ማጉረስ ነው። እንግሊዝ ሠራሹ ደግሞ የራሱ ከንፈር ያለው ጥይት አለው። «ትገባለች» ተብላ የተሸጠችላችሁን ጥይት አትመኑ። በብረቱ ላይ የተጻፈውና በቀለሁ ግርጌ ያለው ይመሳከር። ካልተመሳከረ ጠመንጃው የግድግዳ ጌጥ ይሁን።

ደህናውን የታደለ ሰው ደግሞ ይጠብቀው። የአሮጌ ወታደራዊ ጥይት ማቀጣጠያ ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ በክረምታችን ደግሞ አፈሙዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዝጋል። ዘይት ብቻ አያጥበውም። የፈላ ውሃ በአፈሙዙ ውስጥ ይፍሰስበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀጭን የማሽን ዘይት ይቀባ። ቅቤና ኑግ ለወጥ ናቸው፤ ብረት ላይ ሙጫ ይሆናሉ። አያቴ ከምድጃው በላይ የማይሰቅሉት እርጥበቱን ፈርተው ነበር፤ ጭስና እንፋሎት ምሰሶው ላይ ያን ያህል አይበረታም። የመወልወያው ዘንግም ቢቻል ከኋላ ይግባ፤ ሁልጊዜ በአፈሙዙ በኩል የሚገባ ብረት ጫፉን ይበላዋል። ለአደን የሚያስብ ካለም በሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ የአያቶቻችን ዘመን ድኩላ ዛሬ ጥቂት ነው የቀረው።

ያ የተቀደደ ቀለህ እኔ ጋ አለ። የወንድሜ ልጅ ጣለው ብሎኝ ነበር፣ አልጣልኩትም። ደምበጫ በገበያ ቀን የሚወጣ፣ አሮጌ ጠመንጃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይጠይቀኝ፤ መስመሩን በራሱ ጥፍር እንዲነካው አሳየዋለሁ።